የጨርቁ ክብደት

መስከረም 14

ለልጄ ለጠመኔ፣

ጤናና ሰላም ከደጅሽ አይራቁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ጉልበቴን፣ ጉልበቴን ትላለች፤ እኔን ለመቆጣት ሲሆን ግን ብድግ የምትልበት ጉልበት አንሷት አያውቅም። ናፍቆቴን ንገርልኝ ብላለች።

ደብዳቤው በኮምፒውተር ተጽፎ ሲደርስሽ እንዳይገርምሽ። ከሱቄ ጎን ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ናት የጻፈችው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ በዚያው በኢሜይል ትልክልሻለች። ስልክ እንደሆነ ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ባለፈው ያን ሁሉ ስትጮሂ የሰማሁት «ሃሎ»ን ብቻ ነው። በስተርጅና ዘመናዊ ሆኜልሻለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የልብስ ቅድ መጽሐፌን በኮምፒውተር አዘጋጅተሽ ለሽያጭ ካወጣሽው ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ዕድሜዬን ሙሉ የቆረጥኩትን ቀሚስ፣ ኮት፣ የሕፃን ልብስ፣ ሁሉንም በጥቁር ጨርቅ ላይ በጠመኔ አሰምሬ፣ ፎቶ አስነስቼ የላክሁልሽን፣ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ እያየ ይቆርጥበታል ብለሽኝ ነበር። ይኸው ሆነ። ስንት ሰው ገዛው? ለእኔስ ስንት ይደርሰኛል?

የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም። የሱቁ አከራይ መጥቶ ኪራዩን ጨመረብኝ። ክፍሏን ለስልክ ሻጭ ሊሰጣት አስቧል፤ እስከ ጥር መጨረሻ የተጨመረውን ካላሟላሁ ቁልፉን አስረክባለሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ታውቂዋለሽ፤ እኔ በምደገፍበት በኩል ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ወጥቷል። መስኮቱ ሥር ጠመኔ እየሰረቅሽ የበላሽበት በርጩማ እስካሁን አለ። ስምሽም የወጣው እዚያው ነው። ከዚያች ክፍል ወጥቼ የት ልውል?

መልስሽን በር በሩን እያየሁ እጠብቃለሁ።

አጎትሽ

---

መስከረም 29

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ለእርስዎም ለእትዬም ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ደህና ነው። እንደነገርኳችሁ የሆቴል ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ወንበር ላይ ነው የምውለው፣ ሐሳብ አይግባችሁ።

ስለ ሱቁ ሳነብ ሆዴ ባባ። በዚያ ላይ የምነግርዎት ነገር ደስ አይልምና፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው እያልኩ ነው የቆየሁት።

መጽሐፉ እየተሸጠ ነው። ችግሩ ከሚሸጠው ለእርስዎ የሚደርሰው ነው። ዋጋውን ዘጠኝ ዶላር ብለናል። መደብሩ ለደራሲ ሁለት ዓይነት ውል አለው። በአንደኛው ከዋጋው ከመቶ ሠላሳ አምስት ይሰጣል፤ በሌላው ከመቶ ሰባ። እኔ ሰባ የሚለውን ሳይ ሌላውን ዞር ብዬም አላየሁት። ከሥሩ ግን በደቃቁ የተጻፈ ነገር ነበር። የሰባው ውል የማድረሻ ክፍያ አለበት። መጽሐፉ ወደ ገዢው ስልክ በሄደ ቁጥር እንደ ፋይሉ ክብደት ይቆረጣል። ክብደቱ የሚለካው በሜጋባይት ነው። ጽሑፍ ብቻ የሆነ መጽሐፍ አንድም አይሞላ፣ ማድረሻው ሳንቲም ነው። የእኛ በፎቶው ብዛት አርባ ሆኗል። ስለዚህ ከዘጠኙ ስድስቱ ለማድረሻ ይሄዳል፤ ከመቶ ሰባው የሚታሰበው ከቀረችው ከሦስቷ ነው። ከአንድ መጽሐፍ ለእርስዎ የሚተርፈው ሁለት ገደማ ነው።

የተጠራቀመውን ልኬዋለሁ። ትንሽ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መላ እየፈለግሁ ነው።

ደግሞ የእጅ ጽሑፍዎ ናፈቀኝ። ኮምፒውተሩ የእርስዎን «ለ» አያውቅበትም።

የእርስዎው ጠመኔ

---

ጥቅምት 8

ለልጄ፣

ክፉ አይንካሽ። ገንዘቡ ደርሶኛል።

ደብዳቤሽን የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ለመሆኑ ማን ተሸክሞት ነው ማድረሻ የሚከፈለው? ወረቀት የለው፣ ጆንያ የለው፣ አህያ አልተጫነበት፣ ወዛደር አልተሸከመው! ስንት ዘመን ጨርቅ ከጅምላ ሻጭ ሳስመጣ ከጨርቁ ዋጋ በላይ ለተሸካሚ ከፍዬ አላውቅም። ኧረ ጉድ ነው!

አልደብቅሽም፣ አክስትሽ «ልጅቷን በደንብ ጠይቃት» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ዝም አሰኝቻታለሁ። እኔ በእጄ ያሳደግኋትን አውቃታለሁ ብያታለሁ። ብቻ አንቺም ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰውን ስጪኝ። ዘጠኝ ተሽጦ ሁለት ደረሰኝ ስል ሰው ይስቅብኛል።

አከራዩ ትላንትም በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን በዓይኑ ሲለካ ነበር። ክብደቱን የምትቀንሽበት መንገድ ካለ ቶሎ በይልኝ።

አጎትሽ

---

ጥቅምት 17

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ለእርስዎም ለእትዬም ዕድሜ ከጤና ጋር እመኛለሁ። እትዬ ያለችውን አልቀየምኩም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ። መደብሩ በየወሩ የሚልከውን የሽያጭ ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ያስነብቡላት።

መላ ያልኩትን ልንገርዎ። ወደ ሠላሳ አምስቱ ውል ብንዞር ማድረሻ የለም፣ ፋይሉ የፈለገውን ቢከብድ ግድ አይላቸውም። ከአንድ መጽሐፍ ሦስት ከሳንቲም ያገኛሉ። ከአሁኑ ይሻላል፣ ኪራዩን ግን አይሞላም። በሰባው ውል ቆይተን ፋይሉን ካቀለልነው ስድስት ገደማ ይደርስዎታል፤ እሱ ይሞላል።

ፋይሉን ስመረምረው የከበደው የእርስዎ መስመር አይደለም፣ ጨርቁ ነው። ፎቶው የጥቁሩን ጨርቅ እያንዳንዷን ክር፣ የጠመኔውን ብናኝ ሳይቀር ይዟል። ለገዢው የሚጠቅመው መስመሩ ነው፤ ክፍያው ግን ለክሩም ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹን በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ እንደገና ቢያሰምሩልኝ፣ እኔ መስመር መስመሩን ብቻ አወጣዋለሁ፣ ፋይሉም ላባ ይሆናል። እርስዎ ደግሞ ለዚህ! በልጅነቴ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ሙሉ ኮት አሰምረው ሲጨርሱ አይቻለሁ።

ወረቀቱን ልግዛና ልላክ? ይዘዙኝ ብቻ።

የእርስዎው ጠመኔ

---

ኅዳር 21

ለልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልሴ ቆየብሽ፣ አውቃለሁ። ሥራ በዛብኝ።

የእስክሪብቶው ነገር አይሆንም። አንደኛ እዚህ ደህና ወረቀት የለም፤ ቀለሙን ይመጠዋል። ሁለተኛ የሱቁ መብራት ደክሟል። ደግሞ እያንዳንዱ ሥዕል ላይ ሁለት መስመር እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ድፍኑ መስመር መርፌ የሚሄድበት ነው፣ ከሱ ወጣ ብሎ ያለው ነጠብጣቡ ደግሞ ለስፌት ትርፍ ተትቶ መቀስ የሚሄድበት። ይህን በእስክሪብቶ ማድረግ ውበት የለውም። የልብስ ሰፊ እጅ ጠመኔ ነው የለመደው።

ፎቶዎቹን ራሳቸውን ማሳነስ አይቻልም? እሱን አድርጊው። ጥር እየመጣ ነው።

አጎትሽ

---

ኅዳር 26

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ከሰላምታ ጋር። እንዳሉኝ አድርጌዋለሁ። ፎቶዎቹን አሳንሼ አመቅኳቸው፤ አርባ የነበረው አራት ሆነ። በስልኬ ገጽ በገጽ አየሁት፣ ደህና ነው፤ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ቀሚሱም ኮቱም ይታወቃል። ከዛሬ ጀምሮ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ስድስት የሚጠጋ ያገኛሉ።

ጋሼ፣ ወር ሙሉ ዝም ብለውኝ አያውቁም። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ከእትዬ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ? ያ ሁሉ ሰበብ የእርስዎ አልመሰለኝም። ብቻ ጤና ይሁኑልኝ።

የእርስዎው ጠመኔ

---

ታኅሣሥ 20

ለልጄ ለጠመኔ፣

ተባረኪ! እጅሽ ይባረክ! ገንዘቡ ደረሰኝ፤ የተጨመረውን ኪራይ አስቀድሜ ወስጄ አከራዩ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰውየው ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ጥርንም እንዲሁ ከሞላሁ ዓመቱን አይነካኝም፣ ቃሉን ሰጥቶኛል።

አክስትሽ ዝርዝሩን አስነብባ ከሰማች ወዲህ ስላንቺ ሌላ ወሬ የላትም። ጎረቤቱን ሁሉ «የእኛ ልጅ እኮ ሸክሙን አራግፋ…» እያለች ታደክማለች። ምን እንዳራገፍሽ ብትጠየቅ አታውቅም።

አላስቀየምሽኝም። እርጅና ነው። አትጨነቂ።

አጎትሽ

---

ጥር 6

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

አንዲት ገዢ መጽሐፉ ሥር አስተያየት ጽፋለች። እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦

«ልብስ ሰፊ አይደለሁም፣ ቤቴ ውስጥ እሰፋለሁ። እናቴ ስትሞት ያልተቆረጠ ጨርቅ ትታልኝ ነበር፤ ለልጄ ሠርግ ብዬ ስንት ዓመት በሣጥን አስቀመጥኩት። በዚህ መጽሐፍ ቀሚሱን መስመሩን ይዤ ቆረጥኩ። ሲሰፋ አልገባላትም። መልሼ መላልሼ አየሁት፤ እኔ የማየው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሰውየውን አልራገምም፤ ግን ሌላ ሰው ከመቁረጡ በፊት ይወቅ።»

ወዲያው ገጹን ከፍቼ አየሁት። ጋሼ፣ ነጠብጣቡ መስመር የለም። ፎቶው ሲታመቅ ነጠብጣቡ ከጨርቁ ጋር ተዋህዶ ጠፍቷል። በሁሉም ሥዕል ላይ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ያን ቀን ሳየው አልጎደለብኝም፤ ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ስለሆነ የሌለውን ዓይኔ ሞልቶ አነበበው። እሷ ግን ከየት ታውቀዋለች? በድፍኑ ላይ ቆረጠችው፣ ለስፌት የሚተርፍ ምንም አልተዋትም።

ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።

ጠመኔ

---

ጥር 8

ልጄ፣

ሰላም ነው። ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ።

እኔ መቀስ ከያዝኩ ጀምሮ የሰው ጨርቅ አበላሽቼ አላውቅም። አንድ ጊዜም። ሰው ጨርቁን ይዞ ሲመጣ እኮ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ደግሞ የሞተች እናት ጨርቅ! እንደሱ ያለ በየትኛው ገበያ ይገዛል?

ዛሬውኑ ከባዱን ፎቶ መልሺው። ክሩም ብናኙም ይመለስ። በሠላሳ አምስቱ ውል አድርጊው፤ ሦስትም ይሁን ሁለት ግድ የለኝም። አስቀድመው ለገዙትም አዲሱ የሚደርሳቸው መንገድ ካለ ፈልጊ።

ለሴትዮዋ ደግሞ ይህን ጻፊላት፦ ቀሚሱን በሁለቱም ጎን ከብብት እስከ ታችኛው ጠርዝ ትፍታው። ከተረፋት ጨርቅ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ቁመታም ቁራጭ ታውጣና በየጎኑ ታስገባ፤ ከላይ ጠበብ፣ ወደ ታች ሰፋ እያለ ይሂድ። የእጅጌውን አፍ ከዚያው ጋር ታስፋው። ያየ ሰው ታስቦበት የተሠራ እንጂ የተጠገነ አይመስለውም። ጨርቁ ካነሳት ታሳውቀን፣ ሌላ መላ አለኝ። ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ በእኔ ስም።

አጎትሽ

---

ጥር 10

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ከሰላምታ ጋር። ያሉኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ፎቶው ተመልሷል፣ ውሉ ተቀይሯል። መደብሩ ለገዙት ሁሉ የተስተካከለውን እንዲልክላቸው አመልክቻለሁ፣ እሺ ብለውኛል። ለሴትዮዋም ጽፌላታለሁ።

ነገር ግን የጥር ኪራይስ? ድርሻዎ በግማሽ ወርዷል፤ አይሞላም። እኔ ልሙላው፣ እባክዎን እሺ ይበሉኝ። እሱን እምቢ ካሉ ደግሞ ሥዕሉን በእስክሪብቶ ያስምሩልኝ። ጋሼ፣ ሥዕሉ ልክ ሆኖ ፋይሉም የሚቀልበት መንገድ እሱ ብቻ ነው። ለምንድን ነው የማይፈልጉት? የወረቀትና የመብራት ነገር ብቻ ከሆነ ሁለቱንም እልክልዎታለሁ። በቀን አንድ ቢያሰምሩ እንኳ ሱቁ አያመልጠንም ነበር። አልገባኝም። ቆጣ ካልኩ ይቅር ይበሉኝ፣ ተጨንቄ ነው።

ጠመኔ

---

የካቲት 4

ጋሼ፣

ደህና ናችሁ ወይ? ጥር አለቀ፣ ድምፅዎ ጠፋ። እትዬ ስልክ አታነሳም። ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ብጽፍላት «ራሱ ይንገርሽ» ብላ መለሰችልኝ። ልቤ ተሰቅሏል። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ጠመኔ

---

የካቲት 17

ለልጄ ለጠመኔ፣

ሰላም ይብዛልሽ። ያላየሁት ጭንቀትሽ ለእኔ ይሁን። በሕይወት አለን።

ቁልፉን አስረክቤአለሁ። ያንቺን ገንዘብ እምቢ ያልኩት ኩራት ይዞኝ አይደለም። ሱቁን የማቆይበት ሥራ ስለሌለኝ ነው፤ አሁን ልንገርሽ። ለዚህች ሴትዮ እያስጻፍኩ መናገሩ ከበደኝ፣ ግን እሷ ድሮም ታውቃለች።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ከጀመረ ቆይቷል፤ መጽሐፉን ከማዘጋጀታችን በፊት ነው። መቀስ ይዤ ቀጥ ብዬ መቁረጥ ካቃተኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራ በዛብኝ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ በር ከፍቼ እቀመጥ ነበር እንጂ የሰው ጨርቅ አልቀበልም ነበር። የመጣውን ሁሉ «ጊዜ የለኝም» እያልኩ እመልሳለሁ። ሰው ሥራ የሞላልኝ መስሎት ያከብረኝ ነበር።

መጽሐፉን በጨርቅና በጠመኔ ልሥራው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጠመኔ መስመሩ ወፍራም ነው፣ መንቀጥቀጡን ይደብቃል፤ ሲበላሽ በእጄ ጠራርጌ እንደገና አሰምራለሁ። አንዷን ሥዕል አሥር ጊዜ የጠረግኋት አለች። አንቺ የጠመኔ ብናኝ ያልሽው እኮ የእኔ ድካም ነው። እስክሪብቶ ደግሞ አይጠረግም። ወረቀት አውጥቼ ሞክሬው ነበር፣ ያን ወር ሙሉ። ያወጣሁትን ለአክስትሽ እንኳ አላሳየሁም፤ ቀዳድጄ ጣልኩት። ደብዳቤውም በሰው እጅ የሚጻፈው ለዚሁ ነው።

ጠረጴዛው በበሩ አልወጣ ብሎ እግሮቹን ፈታንለት። በርጩማሽን እቤት አስገብቼዋለሁ። ስልክ ሻጩ ግድግዳውን ነጭ ቀባው። እንዳትቀየሚኝ። ማፈር ክፉ ነው።

አጎትሽ

---

የካቲት 21

ጋሼ፣ የእኔ ጋሼ፣

ሰላምታዬን ከእንባዬ ጋር ይቀበሉ። አንጀቴን በሉት። «ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ» ብዬ የጻፍኩትን ባስታወስኩ ቁጥር መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ እላለሁ። እኔን ያፈሩኛል? እኔን!

አንድ ነገር ልበልና እንዳይቆጡኝ። እርስዎ ማስመር ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ እጅዎን አልነበረም የሚያነሱት፤ ይናገሩ ነበር። «ጥግ ላይ ነጥብ አድርጊ፣ ከሷ ወደ ታች ይህን ያህል ውረጂ» ይሉኛል፣ እኔ ካርቶን ላይ አደርጋለሁ። ቅድ ማለት ነጥብና ቁጥር ነው፣ መስመር ነጥቦቹን ማገናኘት ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ነጥቦቹ በጭንቅላትዎ ውስጥ አሉ አይደል? እነሱ አይንቀጠቀጡም። ነጥቡን ይንገሩኝ፣ መስመሩን እኔ እዚህ በኮምፒውተር አሰምራለሁ። ድፍኑንም ነጠብጣቡንም። አንድ በአንድ፣ በደብዳቤ። እንዲህ የተሠመረ መስመር ክብደት የለውም ማለት ይቻላል።

እሺ ይበሉኝ።

ጠመኔ

---

መጋቢት 2

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ይህችን የፎቶ ኮፒ ሴትዮ ልብስ ሰፊ ልናደርጋት ነው፤ እሷ ራሷ «ከዛሬ ጀምሮ ለደብዳቤ አላስከፍልም፣ እየተማርኩ ነው» ብላለች። በይ ጻፊ፦

የሴት ቀሚስ፣ የጀርባው ክፍል። ላይኛው ጥግ ላይ ነጥብ አድርጊ፣ ሀ በያት። ከሀ ቁልቁል እስከ ወገብ የጀርባውን ርዝመት፣ ለ። ከሀ ወደ ጎን የትከሻውን ስፋት ግማሽ፣ ሐ። ከሐ ሁለት ጣት ውረጂ፤ ትከሻ ወደ ውጭ ዝቅ ይላል፣ ቀጥ ያለ ትከሻ የማንጠልጠያ ነው እንጂ የሰው አይደለም። የደረቱን ዙሪያ አራተኛ እጅ ወስደሽ ለመተንፈሻ ሁለት ሴንቲ ጨምሪበት። ሰው እንደሚተነፍስ እንዳትረሺ። ዙሪያውን ሁሉ ነጠብጣቡን አውጪ፣ ከድፍኑ አንድ ጣት ተኩል ይራቅ። ነጠብጣቡን ጥቁር አድርጊው። ከድፍኑም ይበልጥ ጥቁር ይሁን።

ሠርተሽ ላኪልኝ። ካልጣመኝ አስደግምሻለሁ።

አጎትሽ

---

ግንቦት 19

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

የምስራች! የመጨረሻዋ ሥዕል፣ አራት ጊዜ ያስደገሙኝ የኮት እጅጌ፣ ትላንት አለቀች። ፋይሉ ሁለት ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ወደ ሰባው ውል መለስኩት፤ ማድረሻው ከዘጠኙ ሠላሳ ሳንቲም ነው። ለእርስዎ ከስድስት በላይ ይደርሳል። ሱቁን አይመልስልንም፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የሠርጉ ቀሚስ ሴትዮም ጽፋለች። በጎን የገባው ቁራጭ ልክ እንዳሉት ሆኖ፣ ልጅቷ ለብሳው ተድራለች። «የእናቴ ጨርቅ ቁራጩም አልቀረ፣ ሁሉም ገባ» ብላለች።

እኔ ደግሞ ሥዕሉን ሳልሞክረው ለሰው መሸጥ ስለፈራሁ፣ ጨርቅ ገዝቼ በራሴ ልክ የመጀመሪያውን ቀሚስ ቆርጬ ሰፋሁት። ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ። ይዩትና ይፍረዱ።

የእርስዎው ጠመኔ

---

ሰኔ 3

ለልጄ ለጠመኔ፣

ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ፊደሉ ቢወላገድ አትሳቂ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛልና አሳጥረዋለሁ።

ፎቶውን መስኮት ላይ አድርጌ አየሁት። አንገቱ ልክ ነው። ወገቡ ልክ ነው። እጅጌው ጎሽ ነው። ግራ ትከሻው ላይ ግን ጨርቁ ተሰብስቧል። የሥዕሉ ጥፋት ነው ብዬ ነጥቦቹን ሁሉ ቆጠርኩ፣ አይደለም። ትከሻሽ ነው። ግራው ከቀኙ አንድ ጣት ወርዷል። ስትሄጂ እኩል ነበሩ፤ የጉዞሽን ኮት ለክቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ለወዛደር ስሰፋ ነው የኖርኩት። የወንበር ሥራ ትከሻ አያወርድም። ምን ስትሸከሚ ነው የከረምሽው? እኔም እጄን ደብቄሻለሁና አልቆጣሽም።

መጽሐፉን እንዳትነኪው፣ ልክ ነው። የራስሽን ቀሚስ በግራ በኩል ፍቺውና ዝቅ አድርጊው፣ ለጊዜው ይሁን።

የመጽሐፉን ገንዘብ ከእንግዲህ አትላኪልኝ። እዚያው ይጠራቀምና የመሳፈሪያሽ ይሁን። ነይና እንደገና ልለካሽ። ሜትር ለመያዝ እጄ ገና ይበቃል።

አጎትሽ